ለሱዛን መርዶውን ማን ነገራት?

የቤተሰብ ዓምድ

መጽሐፍ ወዳጅ ነው ይባላል። አባባሉ እውነት ነው፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ የምናስታውሰው ግማሹን ብቻ ነው። ወዳጅ የሚያጽናናንን ያህል የሚያስቀይመን ቀንም አለ። ያስቀየመንን ወዳጅ በአንድ ጊዜ አውጥተን አንጥለውም፤ ቅሬታችንንም እንደ ዋዛ ውጠን አንቀርም። ቁጭ ብለን እንነጋገራለን እንጂ። ልጆቻችን አንድን መጽሐፍ አጥብቀው ወድደው ሳለ ከመካከሉ ልባቸውን የሚያቆስል ነገር ሲያገኙ የሚገጥማቸው ይኸው ነው። በዚያን ጊዜ ወላጅ ምን ሊላቸው ይገባል? መጽሐፉን ይንጠቃቸው? ወይስ “ተረት ነው፣ ተዪው” ብሎ ይለፋቸው? በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ጥያቄ በአንድ ስመ ጥር የልጆች ድርሰትና በአንዲት የጦር ሠፈር ልጅ አማካይነት እንመለከተዋለን።

ልጅቱ 13 ዓመቷ ነው። አባቷ ሻምበል ባሻ ናቸው፤ ነገሩ በተጀመረበት ወቅት ከቤተሰባቸው ከተለዩ 14 ወር ሆኗቸው ነበር። ልጅቱ ከትምህርት ቤቷ ቤተ መጻሕፍት አንድ ያረጀ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ተውሳ መጣች፤ እርሱን ስትጨርስ ተከታዩን፣ ከዚያም ሌላውን እያለች ሰባቱንም አዳረሰች። እናትየዋ እንዳጫወቱን ልጃቸው ማታ ማታ መብራት አጥፊ እስክትባል ድረስ ከመጽሐፉ ዓይኗን አትነቅልም ነበር። መዝገበ ቃላት አጠገቧ አስቀምጣ፣ የማታውቀውን ቃል በደብተሯ ጠርዝ ላይ እየጻፈች ታነብ ነበር። ሰባተኛውን የጨረሰች ዕለት ግን መጽሐፉን ከድና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ራትም አልበላችም።

እነዚህ መጻሕፍት የናርንያ ታሪኮች በመባል የሚታወቁት ናቸው። ደራሲያቸው ሲ. ኤስ. ሉዊስ ሲሆን ሰባቱም ከ1950 እስከ 1956 በየዓመቱ አንዳንድ እየሆኑ ታትመዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲገነዘቡልን እናሳስባለን።

ከምሽግ የወጣ ደራሲ

ልጅቱ ለምን እንደ ወደደችና ለምን እንደ አዘነች ለመረዳት አስቀድሞ ደራሲው ማን እንደ ነበረ ማወቅ ይጠቅማል። ሉዊስ በ1898 በአየርላንድ በቤልፋስት ከተማ ተወለደ። በ1908 እናቱ በካንሰር በሽታ ሲሞቱ ገና አሥር ዓመት አልሞላውም ነበር። ሐዘኑ ሳይበርድለትም ከቤቱ ርቆ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በእንግሊዝ አገር ወደሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሶመርሴት ቀላል እግረኛ ሬጅመንት በምክትል መቶ አለቃነት ተመደበ። በፈረንሳይ ካለው የጦር ግንባር ምሽግ የደረሰው በኅዳር ወር 1917፣ ልክ 19 ዓመት በሞላው ዕለት ነው። በሚያዝያ ወር 1918 አጠገቡ በፈነዳ የመድፍ ጥይት ቆሰለ፤ በዚያው ፍንዳታ አብሮት የነበረ ሃምሳ አለቃ ሕይወቱ አለፈች።

የሠራዊቱ አባላት በተለይ ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሉዊስ በሥልጠና ላይ ሳለ ፓዲ ሙር የሚባል የመኝታ ክፍል ጓደኛ ነበረው። ከሁለታቸው አንዱ ቢሞት የቀረው የሟቹን ወላጅ እንዲጦር ቃል ተገባብተው እንደ ነበር ይነገራል። ሙር በ1918 በጦር ሜዳ ወደቀ። ሉዊስ ቃሉን ጠበቀ፤ የሙርን እናትና እኅት ከራሱ ጋር አኑሮ እናትየዋን እስከ ዕርጅናቸው ድረስ ረዳ። እንግዲህ የልጆች ተረት የጻፈው ይህ ሰው የሟች ጓዱን ቤተሰብ ለብዙ ዓመታት ተሸክሞ የኖረ ወታደር ነበር።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመስከረም ወር 1939 ሲጀመር የእንግሊዝ መንግሥት ሕፃናትን ከአየር ድብደባ ለማዳን ከትላልቅ ከተሞች ወደ ገጠር አሸሸ። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ብቻ ወደ 1 ሚሊዮን 500 ሺሕ የሚጠጉ ልጆች፣ ሕፃን የታቀፉ እናቶችና መምህራን ተጓጓዙ። ልጆቹ ስማቸው በወረቀት ተጽፎ ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሎ፣ የመርዝ ጭስ መከላከያቸውን ይዘው፣ የማያውቁት ሰው ቤት እንዲያድሩ ባቡር ተሳፈሩ። በኦክስፎርድ አጠገብ በነበረው በሉዊስ ቤትም ልጆች ተጠለሉ። የመጀመሪያው የናርንያ መጽሐፍ የሚጀምረው በዚሁ ነው፤ ፒተር፣ ሱዛን፣ ኤድመንድና ሉሲ የተባሉ አራት ወንድማማቾችና እኅትማማቾች ከለንደን የአየር ድብደባ ሸሽተው ወደ አንድ አረጋዊ ፕሮፌሰር ቤት ይላካሉ።

በቁም ሣጥን ውስጥ ያለ አገር

“አንበሳው፣ ጠንቋይዋና ቁም ሣጥኑ” በተባለው በዚህ መጽሐፍ የሁሉም ታናሽ የሆነችው ሉሲ ልጆቹ ቤቱን ሲያስሱ አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ትገባለች። ከተሰቀሉት የፀጉር ካፖርቶች ጀርባ እንጨት ይዳስሰኛል ስትል በረዶና ዛፍ ይዳስሳታል። ከዱሩ መካከል አንድ የመንገድ ፋኖስ ብቻውን ይበራል። አገሪቱ ናርንያ ናት፤ እንስሶች የሚናገሩባት፣ ነጭዋ ጠንቋይ ማብቂያ የሌለው ክረምት የጣለችባት፣ የገና በዓል የማይደርስባት አገር።

ኤድመንድ ጠንቋይዋ በሰጠችው የቱርክ ጣፋጭ ተታሎ ወንድሙንና እኅቶቹን ይከዳል። ዛሬ ከረሜላ እንደ ልቡ የሚያገኝ ልጅ በዚህ ሊስቅ ይችላል። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር ጣፋጭ ነገር ከራሽን ነጻ የሆነው በ1953 ነው፤ መጽሐፉ በወጣበት በ1950 ልጆች ከረሜላ የሚገዙት በኩፖን ነበር። ስለዚህ ያን ጊዜ ያነበቡት ልጆች ለኤድመንድ አልሳቁበትም፣ ደነገጡለት እንጂ።

አስላን የሚባለው ታላቁ አንበሳ በከዳው ልጅ ፈንታ ራሱን ለሞት አሳልፎ ይሰጣል። የአንበሳው ስም በቱርክ ቋንቋ አንበሳ ማለት ነው። በእኛ ዘንድ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እዚህ ግን አንበሳው በፈቃዱ ይታሰራል፣ ሲነጋም ገመዱን በጥርሳቸው የሚበጥሱት ትናንሽ አይጦች ናቸው። ሉዊስ ክርስቲያን ስለ ነበረ ታሪኩን ከሃይማኖቱ ጋር አያይዞ እንደ ጻፈው የታወቀ ነው። ይሁንና ምሳሌውን ሳያውቁ በታሪክነቱ ብቻ የወደዱት ልጆች እጅግ ብዙ ናቸው።

አራቱ ልጆች በናርንያ ነግሠው ለዓመታት ይኖራሉ፣ አድገውም ትላልቅ ሰዎች ይሆናሉ። በመጨረሻ በቁም ሣጥኑ በኩል ሲመለሱ ግን በቤታቸው አንዲት ደቂቃ እንኳ አላለፈችም። የእኛዋ ልጅ ከሁሉ አስበልጣ የወደደችው ይህን ነው። አባቷን ስትጠብቅ የኖረች ልጅ ናትና፣ ሩቅ ሄዶ ብዙ አይቶ ቤት ሲመለሱ ሁሉን ነገር እንደ ነበረ ማግኘት እንዴት ያለ ጸጋ መስሎ እንደ ታያት መገመት አያዳግትም። ወታደር ከግዳጅ ሲመለስ የሚያገኘው ሌላ ነው፤ ሲሄድ የሚድኸው ሕፃን ሮጦ ይቀበለዋል፣ አንዳንዴም “ይህ ማን ነው?” ብሎ ከእናቱ ጀርባ ይደበቃል።

ሁለት ቁስሎች

ልጅቱን ያሳዘናት ሰባተኛው መጽሐፍ “የመጨረሻው ጦርነት” የተባለው ነው። በ1956 ታትሞ በእንግሊዝ አገር ለልጆች ድርሰት የሚሰጠውን የካርኔጊ ሜዳልያ ያገኘው ይኸው መጽሐፍ ነው። በፍጻሜው የናርንያ ወዳጆች ሁሉ ዘላለማዊ በሆነ ውብ አገር ይሰበሰባሉ። ሱዛን ብቻ የለችም። የት እንዳለች ሲጠየቅ ወንድሟ ፒተር ከእንግዲህ የናርንያ ወዳጅ አለመሆኗን በአጭሩ ይናገራል። ሌሎቹም ሐሳቧ ሁሉ በናይለን ስቶኪንግ፣ በከንፈር ቀለምና በግብዣ ላይ እንደ ሆነ፣ ናርንያንም የልጅነት ጨዋታ እያለች እንደምትጠራት ያክላሉ። ከዚያ ወሬው ይለወጣል፤ ወደ ፍራፍሬው ይመለሳሉ።

ቆይቶ አንባቢው ከዚህ የከበደ ነገር ይረዳል። እነዚህ ሁሉ ወደዚያ አገር የመጡት በባቡር አደጋ ሞተው ነው። ሁለቱ ወንድሞቿ፣ ታናሽ እኅቷ፣ የአክስቷ ልጅ፣ አባቷና እናቷ፣ ሁሉም በአንድ ቀን አልቀዋል። በእንግሊዝ አገር በሕይወት የቀረችው ሱዛን ብቻ ናት። መጽሐፉ ግን ስለ እርሷ አንዲት ቃል ሳይጨምር በደስታ ይዘጋል።

ሁለተኛው ቁስል የካሎርመን ሰዎች ጉዳይ ነው። ከናርንያ በስተደቡብ፣ ከበረሓ ማዶ ያለው የጠላት አገር ሕዝብ ቆዳው ጠቆር ያለ፣ ጥምጥም የሚጠመጥም፣ ቆልማማ ጎራዴ የሚታጠቅ ተደርጎ ተሥሏል። በመጨረሻው መጽሐፍ ድንኮቹ የቆዳቸውን ቀለም እየጠሩ ይሰድቧቸዋል። ልጅቱ በፖሊን ቤይንስ የተሣሉትን የመጽሐፉን ሥዕሎች ለእናቷ እያሳየች “ይህ ሰውዬ አያቴን ይመስላል፤ ለምንድን ነው ክፉ የሆነው?” ብላ ጠየቀች። ጀግኖቹ አንዳቸውም እርሷን አይመስሉም፤ እርሷን የሚመስሉት ከወዲያ ማዶ የተሰለፉት ናቸው። ለስድስት መጻሕፍት ያህል ከሉሲ ጋር በበረዶው ላይ ስትሮጥ የኖረች ልጅ፣ መጽሐፉ እርሷን ከየትኛው ወገን እንደ መደባት በድንገት ስታውቅ ምን እንደሚሰማት አንባብያን ይፍረዱ።

ይህን ቅሬታ ያነሣችው እርሷ የመጀመሪያዋ አይደለችም። እንግሊዛዊው ደራሲ ፊሊፕ ፑልማን በ1998 ባወጣው ጽሑፍ በሱዛን ላይ የተሰጠውን ፍርድና በመጻሕፍቱ ውስጥ ያለውን የዘር ንቀት በብርቱ ነቅፏል። ኒል ጌይማን የተባለው ደራሲም በ2004 ሱዛንን በምታስታውስ አንዲት አረጋዊት ሴት ላይ የተመሠረተ አጭር ልብ ወለድ አሳትሟል። በሩቅ አገር ያሉ ስመ ጥር ደራስያን በዕድሜ ገፍተው የተከራከሩበትን ነጥብ አንዲት የጦር ሠፈር ልጅ በ13 ዓመቷ፣ በመዝገበ ቃላት እየታገዘች ደርሳበታለች። ይህ በራሱ የሚያስመሰግን ነው።

በኩልና በከንፈር ቀለም ላይ የተነሣ ጥያቄ

ሻምበል ባሻው ለዕረፍት የሚመጡበት ቀን ደረሰ። እናትየዋ ቤቱን አጥበው፣ ቡናውን ቀምመው፣ ለራሳቸውም ጊዜ ሰጡ። ጎረቤታቸው ሹሩባ ሠራቻቸው። ኩል ተኳሉ፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ገዝተው ያኖሩትን የከንፈር ቀለምም አውጥተው ተቀቡ። ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ ትመለከት ነበር።

“እማዬ፣ ሱዛን የተረሳችው ይህን በመውደዷ ነው?” አለች።

እናትየዋ ሱዛን ማን እንደ ሆነች አያውቁም ነበርና የክፍል ጓደኛዋ መሰለቻቸው። ልጅቱ ስታስረዳቸው ግን መስተዋቱን አስቀመጡ። “ልጄ፣ እኔ የምኳለው አባትሽን ረስቼ አይደለም፤ ስላልረሳሁ ነው” አሏት።

በዚህ አላበቁም። ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንድትነግራቸው አደረጉ። ባቡሩ ዘንድ ስትደርስ እናትየዋ አንድ ነገር ጠየቁ፤ የዚህም ጽሑፍ ርዕስ ከዚያ የተወሰደ ነው። “ታዲያ ለዚያች ልጅ መርዶውን ማን ነገራት?” አሉ። “ከጎኗስ ማን ነበረ? ማን አብሯት አለቀሰ?”

ውድ አንባብያን፣ ይህ ጥያቄ ከአንዲት የወታደር ሚስት አፍ መውጣቱ አያስደንቅም። በዚያው ዓመት በሠፈራቸው መርዶ የተነገረባት ቤት ነበረች። እንደ ባህላችን ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ገና ሳይነጋ ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ፤ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይገባሉ፤ የሟች ቤተሰብ ብቻውን እንዳይሆን ለቀናት አብረውት ይቀመጣሉ፤ እድሩ ድንኳኑን ይተክላል። ሟች ከባለቤቱ ወይም ከልጁ ጋር ተቀያይሞ ቢሆን እንኳ “አንቺ ከእርሱ ጋር አልነበርሽምና አናለቅስልሽም” የሚል ጎረቤት የለም። እናትየዋን ያስገረማቸው የከንፈር ቀለሙ ነገር ሳይሆን የለቅሶው አለመኖር ነው።

አባትየው ምን አሉ?

ሻምበል ባሻው በዕረፍታቸው ቀናት ልጃቸው ከመጻሕፍቱ ሁለቱን እየተረጎመች አነበበችላቸው፤ “ፈረሱና ልጁ” የተባለውን የ1954ቱን መጽሐፍና የመጨረሻውን። አስተያየታቸው ከእናትየውም ከልጅቱም የተለየ ሆኖ ተገኘ።

ስለ ሱዛን ሲናገሩ፣ መቀባቷ ምንም እንዳልሆነ፣ ነገር ግን የሆነውን ነገር አልሆነም ማለቷ ከባድ ጥፋት እንደሚመስላቸው ገለጹ። ወታደር ከጓዶቹ ጋር ያሳለፈውን፣ አብረውት ከነበሩት አንዱ ተነሥቶ “ያ ሁሉ ጨዋታ ነበር” ቢለው ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚያውቀው የደረሰበት ነው አሉ። ፒተር በአጭሩ የተናገረው ንቆ ሳይሆን ተጎድቶ ሊሆን እንደሚችልም አመለከቱ። ልጅቱ ይህን አስባው አታውቅም ነበር። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ “ቢሆንም፣ መርሳት መሞት አይደለም፤ የረሳ ሰው ያስታውሳል” ብላ መለሰችላቸው። አባትየውም በዚህ ተረቱ።

ስለ ካሎርመኖች ግን አባትየው አንድ ወጣት መኮንን አገኙ፤ ስሙ ኤሜት ይባላል። በ“የመጨረሻው ጦርነት” ውስጥ በጠላት ወገን የተሰለፈ፣ አለቆቹ በሚፈጽሙት ማታለል የሚያፍር፣ በሐቅ መዋጋትን እንጂ በተንኮል ማሸነፍን የማይወድ የካሎርመን ወታደር ነው። አስላን ይህን ሰው አይጥለውም። በቅን ልብ የተፈጸመ በጎ ሥራ ሁሉ፣ በማንም ስም ይደረግ፣ ለእርሱ እንደ ተደረገ ቈጥሮ ወደ አገሩ ያስገባዋል። ሻምበል ባሻው ይህን ሲሰሙ ደግማ እንድታነብላቸው ጠየቁ። ከማዶ የተሰለፈውን ሰው፣ ሰው አድርጎ ማየት የሚችል ምሽግ ውስጥ የዋለ ነው አሉ።

በዚህ ላይ እኛ አንድ ነገር እንጨምራለን። ኤሜት የሚለው ስም በዕብራይስጥ እውነት ማለት ነው፤ እምነትና አሜን ከምንላቸው ቃላትም ጋር ከአንድ ሥር የወጣ ነው። እንዲሁም “ፈረሱና ልጁ” በተባለው መጽሐፍ በግዴታ ከመዳር የሸሸችው ደፋር ልጅ አራቪስ የካሎርመን ተወላጅ ናት፤ በመጨረሻም የናርንያ ጎረቤት በሆነችው አገር ትነግሣለች። ኤሜትና አራቪስ መኖራቸው የሥዕሉን ጉድለት አይሽረውም። አንድ ሕዝብ በጅምላ ተነቅፎ ሁለት ሰው ብቻ ሲመሰገን ፍርዱ ተስተካከለ አይባልም። ይሁንና የደራሲው እጅ ከጊዜው አስተሳሰብ ጋር ሲታገል በእነዚህ ገጾች ላይ ይታያል። ልጅቱም አራቪስን ከሉሲ ቀጥላ ሁለተኛ ወዳጇ አድርጋለች።

ደራሲው ራሱ የተወው በር

ሉዊስ ራሱ ስለ ሱዛን ተጠይቆ ነበር። በ1957 ለአንድ ልጅ በጻፈው ደብዳቤ፣ መጻሕፍቱ የሱዛንን ፍጻሜ እንዳልተናገሩ፣ በዚህ ዓለም በሕይወት መቅረቷን፣ ለመታረምም ብዙ ጊዜ እንዳላት፣ ምናልባትም በራሷ መንገድ ወደ አስላን አገር ልትደርስ እንደምትችል አስረድቷል። እንግዲህ ደራሲው በሩን አልቆለፈውም፤ ገርበብ አድርጎ ተወው እንጂ።

ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመው ደግሞ የመጀመሪያው መጽሐፍ መታሰቢያ ገጽ ነው። ሉዊስ መጽሐፉን ያበረከተው ለክርስትና ልጁ ለሉሲ ባርፊልድ ሲሆን፣ ልጆች ከመጻሕፍት ፈጥነው ስለሚያድጉ ታትሞ ሲደርሳት ለተረት ትልቅ እንደምትሆንበት፣ ነገር ግን አንድ ቀን ተረትን እንደ ገና ለማንበብ የሚበቃ ዕድሜ ላይ እንደምትደርስ ገልጾላታል። ልብ በሉ፤ ሱዛን የደረሰባት ይኸው ነው፤ ለተረት ትልቅ የሆነችበት ዕድሜ ላይ ቆማለች። ደራሲው በሰባተኛው መጽሐፍ የዘነጋውን ምሕረት በመጀመሪያው መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አኑሮት ነበር ለማለት እንደፍራለን።

አንድ ሌላ ነገርም እናስታውስ። ሉዊስ በልጅነቱ እናቱን በሞት አጥቷል። በ1955 በታተመው “የአስማተኛው የእኅት ልጅ” በተባለው ስድስተኛ መጽሐፍ፣ ዲጎሪ የተባለው ልጅ ለታመመች እናቱ ከናርንያ ፖም ያመጣላታል፤ እናቲቱም ትድናለች። በሕይወቱ ያላገኘውን በድርሰቱ ሰጠ። የዲጎሪን እናት ያዳነ እጅ ለሱዛን አንዲት አጽናኝ ሴት መላክ እንዴት አቃተው? ልጅቱ ይህን ስትሰማ መልስ ፍለጋ አልተቀመጠችም። ደብተሯን አውጥታ ጻፈች።

የጻፈችው ሁለት ገጽ ነው። ሱዛን በለንደን በአንድ ቤት ብቻዋን ተቀምጣለች። ገና ሳይነጋ በሩ ይንኳኳል። የማታውቃቸው ሴቶች ነጠላ አዘቅዝቀው ይገባሉ፤ አንዷም የጠመጠመ አባቷን አስከትላ ነው የመጣችው። ማንም ስለ ናርንያ አይጠይቃትም፣ ማንም ስለ ከንፈር ቀለሟ አያነሣም። ቡና ይፈላል፤ አብረዋት ያለቅሳሉ። በሦስተኛው ቀን ሱዛን ከመካከላቸው ላለችው ትንሽ ልጅ ራሷ ትተርክላታለች፤ በአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ በረዶ የሚዘንብበት አገር እንዳለ።

ለወላጆች የምንለው

ከዚህ ታሪክ የሠራዊቱ ቤተሰቦች ሊቀስሙት የሚችሉት ቁም ነገር አለ ብለን እናምናለን። በመጀመሪያ፣ ልጅ በሚወደው መጽሐፍ ማዘኑ ማንበብ ማወቁን ያመለክታል። ያላነበበ አይቀየምም። መጽሐፉን ከእጁ መንጠቅ ወይም “ልብ ወለድ ነው” ብሎ ማቃለል ጥያቄውን ያፍነዋል እንጂ አይመልሰውም። ልጅ ስለ ሱዛን ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ራሱ ነው፤ “እኔስ ባድግ፣ ብለወጥ፣ ብሳሳት፣ ከቤቴ ሰዎች መካከል ቦታ ይኖረኛልን?” ማለቱ ነው።

ሁለተኛ፣ መጽሐፉን ለማወያየት ወላጁ እንግሊዝኛ መቻል ወይም ብዙ የተማረ መሆን አይኖርበትም። እናትየዋ ከሰባቱ መጻሕፍት አንዱንም አላነበቡም፤ ነገር ግን ከሁሉ የጠለቀውን ጥያቄ ያነሡት እሳቸው ናቸው። ሻምበል ባሻውም በልጃቸው ትርጕም ነው የተከታተሉት። በግዳጅ ላይ ያለ አባት ልጁ የሚያነበውን መጽሐፍ ስም በደብዳቤ ቢጠይቅ፣ “ከሰዎቹ ማንን ወደድህ? ማንስ አናደደህ?” ቢል፣ በመካከላቸው ያለው መንገድ ያጥራል። እናቶች ደግሞ ልጆቻቸው ያነበቡትን እንዲተርኩላቸው ቢያደርጉ፣ ድሮ አያቶቻችን በምድጃ ዳር ይነግሩን የነበረው ተረት አቅጣጫውን ለውጦ ከልጅ ወደ ወላጅ ይፈስሳል።

ሦስተኛ፣ አንድን መጽሐፍ ወድዶ ጉድለቱን መናገር ክህደት እንዳልሆነ ልጆቻችን ይወቁ። ደራሲ ሰው ነው፤ የኖረበት ዘመንና አገር ያላሳየውን ነገር ሳያይ ሊቀር ይችላል። የጻፈው መልካም ነገር ጉድለቱን አይደብቀውም፤ ጉድለቱም መልካሙን አያጠፋውም። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ የቻለ ልጅ ነገ ጓደኛውን፣ አዛዡን፣ የትዳር ጓደኛውን፣ ወላጁንም በዚሁ ዓይን ያያል። እንከን የሌለበትን ብቻ እወዳለሁ የሚል ሰው በመጨረሻ ብቻውን ይቀራል።

ልጅቱ መጻሕፍቱን ለቤተ መጻሕፍቱ መልሳለች። እናትየዋ እንደ ነገሩን በሚቀጥለው ዓመት እንደ ገና ልትዋሳቸው አስባለች፤ በዚህኛው ዙር ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሱዛንን በቅርብ ልትከታተላት ነው። በእርግጥም ሱዛን ቀስተኛ ነበረች፤ ባለ ቀንደ መለከት ነበረች፤ ቀንደ መለከቱም በተነፋ ጊዜ ሁሉ ከየትም ይሁን ከየት ረዳት እንደሚመጣ ተነግሯት ነበር።